62 ገጽ ሠርቼ ጎግል ላይ የሚታዩት 4ቱ ብቻ ናቸው

የቦርከና ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ጥያቄዬ አይገባችሁም። አባቴ የጅቡቲን መስመር ከ20 ዓመት በላይ ነድቷል። አንድ ክረምት ሌሊት ላይ ሐረጎ ቁልቁለት የተሳቢው ጎማ ፈነዳበት። ጉሙ እጅ አያሳይም። ትርፉን ጎማ ደግሞ ቀደም ብሎ ተጠቅሞበታል። እታች ኮምቦልቻ ሌሊት የሚሠራ ጎሚስታ ነበር። ስልኩን የሚነግረው ሰው ግን አጣ። መኪናው ውስጥ ኩርምት ብሎ አደረ። እናቴ ያን ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም።

እኔ ሳድግ ይህችን ሳይት ሠራሁ። ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ እስከ ሚሌ ባለው መንገድ ላይ ያሉ ጎሚስታዎች፣ ጋራዦች፣ አልጋ ቤቶች፣ ክሬን ያላቸው ሰዎች አሉባት። ስልክ፣ ቦታ፣ ሰዓት። ቤቴ ተቀምጬ አልሰበሰብኩትም። በባጃጅም በሚኒባስም ዞሬያለሁ። ባቲ ሰኞ ገበያ ቀን ሄጄ ሰው ለሰው ተጋፍቼ ነው ስልክ የጻፍኩት።

ዎርድፕሬስ በሚባለው የሳይት መሥሪያ ነው የሠራኋት። ሰባት ወሯ ነው። 62 ገጽ አላት። ጎግል ላይ «ሳይት» ብዬ፣ ሁለት ነጥብ አድርጌ አድራሻዬን ስጽፍ 4 ገጽ ብቻ ያመጣልኛል። «ኮምቦልቻ ጎሚስታ» ብዬ ስፈልግ ጭራሽ የለሁም። ሳይትማፕ፣ ማለት የገጾቼን አድራሻ ዝርዝር፣ ለጎግል አስገብቻለሁ። «ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ»፣ ማለት «ገጼን መዝግብልኝ»፣ የሚለውን በየቀኑ እጫናለሁ። ምንም።

አሁን አንድ ሰው «ክፈይኝና በሳምንት ውስጥ አንደኛ ገጽ ላይ አወጣሻለሁ» ብሎኛል። ልክፈለው እንዴ?


ጦሳ ሥር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

እህቴ፣ አትክፈይ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ይህን ግን ሳይመሽ ልንገርሽ።

አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ማንም የለም ብሎ ጎግል ራሱ በግልጽ ጽፏል። ቶሎ ቶሎ ልጎብኝህ ወይም ከፍ ላድርግህ ብሎ ገንዘብ አይቀበልም። ማስታወቂያ መግዛት ይቻላል። እሱ ግን ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ነው የሚወጣው፤ ክፍያው ሲያልቅም አብሮ ይጠፋል።

ያን ቁልፍ በየቀኑ መጫንም ተዪው። አንድን ገጽ ደጋግሞ ማስገባት ጉብኝቱን አያፋጥነውም።

አሁን ሰርች ኮንሶል፣ ያ ጎግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መቆጣጠሪያ፣ ውስጥ ግቢና ገጾች የሚዘረዘሩበትን ክፈቺ። የቀሩት 58ቱ በምን ምክንያት ነው የተያዙት? «ዲስከቨርድ» የሚል ነው ወይስ «ክሮውልድ» የሚል? ሁለቱም ከኋላቸው «ከረንትሊ ኖት ኢንዴክስድ» ስለሚሉ ሰው አንድ ይመስሉታል። «ዲስከቨርድ» ማለት አድራሻሽን ሰምቷል፤ ገና ደጅሽ አልመጣም። «ክሮውልድ» ማለት መጥቷል፣ ገብቷል፣ አይቷል፤ መዝገቡ ላይ ግን አላሰፈረሽም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የመንገድ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የይዘት ጉዳይ ነው።


መምህር ከሆጤ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ዎርድፕሬስ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪዲንግ ውስጥ ግቢ። «ሰርች ኢንጂኖች እንዳያዩኝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ካለባት አንሺው። እኔ ሳይቴን ስሠራ ምልክት አድርጌባት፣ ከከፈትኩ በኋላ ረስቻት ሦስት ወር ቆይቻለሁ።


የቦርከና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

መምህር፣ አየኋት። ምልክት የለባትም።

ጦሳ ሥር፣ ቆጠርኳቸው። 41 «ዲስከቨርድ»፣ 17 «ክሮውልድ»።


አራዳ ሱቅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ክፍያው የእኔን ስሚ።

ደሴ አራዳ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። አምና ለአንድ ሰው 8,000 ብር ከፈልኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጎብኚው ቁጥር ወደ ላይ ወጣ። ስልኬ ግን አልጮኸም። አንድም ሰው ልብስ አልጠየቀኝም። በኋላ አንድ ልጅ ሲያይልኝ፣ ከቁማር ገጾችና ከማላውቀው ቋንቋ ገጾች በመቶ የሚቆጠር ሊንክ ወደ እኔ ተስቧል። ይባስ ብሎ በእኔው ሳይት ውስጥ እኔ ያልጻፍኳቸው ገጾች ተሠርተዋል። «የሐበሻ ልብስ አዳማ»፣ «የሐበሻ ልብስ ጅማ»፣ «የሐበሻ ልብስ ጎንደር»። ሁሉም አንድ ጽሑፍ፤ የተቀየረው የከተማው ስም ብቻ።

ከዚያ ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ማኑዋል አክሽን» የሚል መልእክት መጣ። ይህ ማለት የጎግል ሰው በዓይኑ አይቶ ቀጥቶሃል ማለት ነው። ከፍለጋ ወጣሁ። የሱቄን ስም ሙሉውን ብትጽፊ እንኳ አልመጣም ነበር። ገጾቹን ሰርዤ፣ ምን እንደተደረገ በዝርዝር ጽፌ እንደገና እንዲታይልኝ ጠየቅኩ። እስኪመለስ ወራት ፈጀ። ገናና ፋሲካ አለፉኝ። የእኛ ሥራ ደግሞ በዓል ነው።

ገንዘቡ አይቆጨኝም። የቆጨኝ እነዚያ ሁለት በዓላት ናቸው።


ጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

አራዳ ሱቅ፣ ስለነገርከን እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ብዙ ሰው የሚደብቀው ነገር ነው።

የቦርከና ልጅ፣ 41ዱን እንያቸው። አንድ ሾፌር የፊት ገጽሽን ከፈተ እንበል። ወደ አንድ ጎሚስታ ገጽ የሚደርሰው በምን በኩል ነው?


የቦርከና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ሁለት ሳጥን አለ። በአንዱ ከተማ ይመርጣል፣ በሌላው አገልግሎት ይመርጣል። ከዚያ «አሳይ» የሚለውን ይጫናል። ይወጣለታል። ይህን ለመሥራት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ በጣም ነው የምወደው።


ጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

እዚያው ላይ ነው የተያዘው።

ጎግልቦት፣ ማለት ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጎግል ፕሮግራም፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሄደው በሊንክ ነው። ተራ ሊንክ፣ አድራሻ ያለው። ሳጥን ከፍቶ «ባቲ» የሚለውን መርጦ «አሳይ» ብሎ አይጫንም። ስለዚህ የፊት ገጽሽን ያያል፣ ስለ እኛ የሚለውን ያያል፣ አድራሻ የሚለውን ያያል፣ አንድ ጽሑፍ ያያል። አራት። ከዚያ መንገዱ ያልቅበታል።

«ሳይትማፕ አስገብቻለሁ እኮ» ትያለሽ። አዎ፤ 41ዱን አድራሻ የሰማው ከዚያ ነው። ሳይትማፕ ግን የስም ዝርዝር ነው። ከራስሽ ሳይት አንድም ገጽ የማይጠቁመውን ገጽ ጎግል ለመጎብኘት አይቸኩልም። ባለቤቷ ራሷ ካልጠቆመችው ያን ያህል የሚያስፈልግ አይመስለውም።

ሳጥኖችሽን አታፍርሻቸው። ለሰው ይጠቅማሉ። ከሥራቸው ግን ከተሞቹን በተራ ሊንክ ደርድሪ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደጋን፣ ገርባ፣ ባቲ፣ ሚሌ። እያንዳንዱ ሲነካ የከተማው ገጽ ይከፈት። ከከተማው ገጽ ደግሞ ወደ ጎሚስታው፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ አልጋው ሊንክ ይኑር። ከፊት ገጽ ተነስቶ በሁለት በሦስት ንክኪ የማይደረስበት ገጽ አይኑርሽ።

ሳይትማፑን በተመለከተ፣ አንድ ፋይል 50,000 አድራሻ ይይዛል፤ የአንቺ 62 ምንም አይደለም። «ላስትሞድ» የሚለውን ቀን ግን በእውነት የተቀየረ ቀን ብቻ ጻፊበት። በየቀኑ ዛሬን እየሞላ የሚልክ ሳይትማፕ ጎግል ዘንድ እምነት ያጣል። «ፕራዮሪቲ» እና «ቼንጅፍሪክ» የሚባሉትን ጎግል አያያቸውም፤ አትድከሚባቸው።


ሐረጎ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

አብሽሪ እህቴ። እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ሾፌር ነኝ። አባትሽ ያደረበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ። እኔም አድሬበታለሁ።

ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እኛ ስንፈልግ በአማርኛ ፊደል አንጽፍም። ስልኬ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለ። ግን ሌሊት መኪና አቁመሽ፣ እጅሽ ቅባት ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ይቀላል። «ጎሚስታ ኮምቦልቻ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው። ያውም አንዱ ኮምቦልቻን በኬ ይጀምራል፣ ሌላው በሲ ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ስልክ ብቻ አይበቃኝም። ሌሊት እደውላለሁ፤ «የቤት መኪና ብቻ ነው የምሠራው» ይለኛል። ወላሂ ስንቴ ደርሶብኛል። የከባድ ጎማ ይፈታል ወይ? የአየር መጭመቂያው በጄኔሬተር ይሠራል ወይስ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ነው? ተሳቢ ይዤ ግቢው እገባለሁ ወይስ አስፋልት ዳር ነው የምቆመው? መጥቶ ይሠራል ወይስ እኔ ነኝ የምሄደው? ይህን የሚነግረኝ ካለ ሌላ ቦታ አልሄድም።


የቦርከና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሐረጎ ወንድሜ፣ ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሾፌር አልጠየቅኩም። አባቴ እዚሁ ቤት እያለ።

አሁን ገባኝ። ገጾቼ ሁሉ አንድ ናቸው። «እንኳን ወደ ገጻችን በደህና መጡ፣ ፈጣንና አስተማማኝ አገልግሎት» ይላል ከላይ። ከሥሩ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ። ከስምና ከስልክ በቀር ሌላው ኮፒ ነው። ጦሳ ሥር፣ 17ቱ በዚህ ይሆን የቀሩት?


ጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

በዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። መጥቶ አየ፤ ከአጠገቡ ካለው ገጽ የተለየ ነገር አጣበት። አራዳ ሱቅ ከነገረን «የሐበሻ ልብስ አዳማ» ጋር በመልክ ይመሳሰላል። አንቺ ተንኮል የለብሽም፤ ማሽኑ ግን ልብሽን አያይም።

እኔ ብሆን እጨፈልቃቸው ነበር። በኮምቦልቻ ያሉትን ጎሚስታዎች በሙሉ አንድ ገጽ ላይ አደርጋለሁ። ስለ እያንዳንዳቸው ሐረጎ የጠየቃቸውን አራት ጥያቄዎች እመልሳለሁ። 62ቱ ምናልባት 14 ይሆናሉ።


አራዳ ሱቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እዚህ ላይ አልስማማም። የእኔ ያልኳቸው የውሸት ገጾች ናቸው። የእሷ እያንዳንዱ እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ስልክ ነው። ጎሚስታው የራሱ ገጽ ሲኖረው ለደንበኞቹ ይልካል፤ «ይኸው የእኔ ገጽ» ይላል። በዚያም ሊንክ ታገኛለች። ገጽ በቀነሰች ቁጥር የመገኛ በሯን ነው የምትዘጋው።


ጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

በመርህ ደረጃ ልክ ነህ። ብዙ የሚባል ነገር ያለው ጋራዥ የራሱን ገጽ ይያዝ። ስለ አንድ ጎሚስታ ግን ሦስት መስመር ብቻ ካለን፣ ሦስት መስመሩን ብቻውን ማቆም ይከብዳል።


ሐረጎ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡15

አንድ ገጽ ይሻላል። ሐረጎ ላይ ኔት ይቆራረጣል። አንዱ ካላነሳልኝ ሌላውን ለማየት እንደገና ገጽ እስኪከፈት የምጠብቅበት ነገር የለም። አንዴ ከተከፈተልኝ አምስቱንም ስልክ አንድ ላይ ልየው።


የቦርከና ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡00

ተፈታ። አንድ ገጽ ይሆናል። አራዳ ሱቅ ወንድሜ፣ ብዙ የሚባልላቸውን ሦስት ጋራዦች ግን ለብቻ አቆያቸዋለሁ።

የድሮዎቹን ገጾች እንዴት ላድርግ? ዝም ብዬ ልሰርዛቸው?


ጦሳ ሥር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዝም ብለሽ አትሰርዢ። እያንዳንዱን የድሮ አድራሻ ወደ አዲሱ ገጽ በ301 ሪዳይሬክት አዙሪው። 301 ማለት «ለዘለቄታው ቤት ቀይሬያለሁ» ማለት ነው። ሁሉንም ወደ ፊት ገጽ አታዙሪ፤ የኮምቦልቻው ጎሚስታ ወደ ኮምቦልቻ ጎሚስታዎች ገጽ፣ የባቲው ወደ ባቲ። ፊት ገጽ ላይ ከወረወርሻቸው ጎግል «ገጹ የለም» ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል።

አድራሻዎችሽንም አየኋቸው። በአማርኛ ፊደል ናቸው። ስህተት አይደለም፤ ጎግል ይቀበላቸዋል። ግን አንድ የአማርኛ ፊደል በሊንክ ውስጥ ሲቀዳ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ኮምቦልቻ» አምስት ፊደል ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ 45 ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። አሁን ገጾቹን እያዘዋወርሽ ስለሆነ በዚያው አጭር የላቲን ፊደል አድርጊው። ወደፊት ግን ያለ ምክንያት አድራሻ አትቀይሪ።

የሐረጎን የአጻጻፍ ነገር በተመለከተ፣ ርዕሱ ላይ የከተማውን ስም በሁለቱም ፊደል መጻፍ ይቻላል። ጽሑፉ ውስጥም አንድ ሁለት ጊዜ በላቲን ይምጣ። «ሐረጎ» እና «ሀረጎ»ም እንደዚሁ፤ ሰው በሁለቱም ሀ ይጽፋል። ከገጹ ሥር ግን ሠላሳ ዓይነት አጻጻፍ እንዳትደረድሪ። እሱ እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጠረው።

አንድ የመጨረሻ። ሳይትሽን በኮምፒውተር ከፈትኩት፤ የሥራ ሰዓት አለ። በስልክ ከፈትኩት፤ የለም።


የቦርከና ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ስልክ ላይ እንዳይጨናነቅ ብዬ አውጥቼው ነው።


ጦሳ ሥር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

መልሺው። ጎግል አሁን ገጽ የሚያነበው በስልክ በሚታየው መልኩ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ወዲህ ደግሞ በስልክ ጭራሽ የማይከፈት ሳይት ኢንዴክስ አይደረግም። ስልክ ላይ ያወጣሽው ነገር እሱ ዘንድ የለም ማለት ነው። ለሐረጎም የለም።


ፒያሳ ካፌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ልጄ፣ እኔ ትንሽ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነኝ። ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ነበረኝ። ስለ ፊደልና ስለ መቆየት ጥቂት ልበል።

በዚያን ጊዜ ስለ ወሎ ታሪክና ወግ ወደ ሠላሳ ጽሑፍ ጽፌ ኢንተርኔት ላይ አውጥቼ ነበር። ስለ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ስለ ጦሳ፣ ስለ ገበያዎቻችን። አንድም ቀን በፍለጋ ወጥቶ አያውቅም። ምክንያቱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የጻፍኩት በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ነበር። ዓይናችን የሚያየው «ደሴ» ነው፤ ማሽኑ ዘንድ ያለው ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተውም ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው የሚያየው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። እኔ ግን ከዚያም በኋላ በለመድኩት ቀጠልኩ።

ሠላሳውንም እንደገና ተየብኳቸው። ማታ ማታ፣ መነጽሬን አድርጌ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። ሳስገባቸው አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ስለ አይጠየፍ የጻፍኩትን አንድ ተማሪ በስልኩ ሲያነብ ካፌ ውስጥ አየሁት። የእኔ መሆኑን አልነገርኩትም።

መውጣት ብቻ ግን አይበቃም። መቆየትም አለ። ኔት ሳይኖር በከረምንበት ጊዜ ሳይቴ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም ነበር። የጠፋው በዶሜይኑ፣ ማለት በሳይቱ አድራሻ ስም፣ ነው። «ክፍያህ ደርሷል» የሚለው ኢሜይል መጥቷል፤ እኔ አላየሁትም። የምትከፍልልኝ ዱባይ ያለች እህቴ ናት፤ እሷም ካልነገርኳት አታውቅም። ስንገናኝ ጊዜው አልፏል። ዶት ኮም ከሆነ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ይለቀቃል። የእኔን ሌላ ሰው ወሰደው። ዛሬ ያ አድራሻ ላይ የማላውቀው ሸቀጥ ይሸጥበታል።

ጽሑፎቹ በፍላሽ ስለነበሩኝ በአዲስ አድራሻ እንደገና ጀመርኩ። አንቺ ግን ዶሜይንሽን ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ ክፈይ። ማስታወሻውም በሁለት ሰው ኢሜይል ይምጣ።


መምህር ከሆጤ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ሳነብ የእኔ ጥፋት ትዝ አለኝ። የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ማስታወሻዬን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ነበር የምጭነው። 80 ፎቶ። ተማሪዎቼ ቴሌግራም ላይ ይወዱታል። በፍለጋ ግን ማንም አያገኘውም። ዋናውን ጽሑፍ ፎቶ ውስጥ አታስገቡ ብሎ ጎግል ራሱ ይመክራል። አሁን እየተየብኩ ነው፤ ከምዕራፍ 3 አልፌያለሁ።

አንድ ሌላም አለ። የድሮ የፈተና ገጾቼን ከፍለጋ ለማውጣት ኖኢንዴክስ፣ ማለት «መዝገብ ውስጥ አታስገባኝ» የሚል ምልክት፣ አደረግኩባቸው። ደግሞ ለጥንቃቄ ብዬ በሮቦትስ ፋይል ከለከልኩ። አልወጡም። ለምን ይሆን?


ፒያሳ ካፌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሁለቱ ተጣልተውብህ ነው ልጄ። የሮቦትስ ፋይል «አትግባ» ይላል። ኖኢንዴክስ ያለው ደግሞ ከውስጥ፣ ገጹ ላይ ነው። ካልገባ እንዴት ያነበዋል? አድራሻውን ከሌላ ቦታ ከሰማ፣ ሳይገባ እንኳ አድራሻውን ብቻ ሊያወጣው ይችላል። የሮቦትሱን ክልከላ አንሳ። ይግባ፣ ኖኢንዴክሱን ያንብብ፣ ያውጣው።

የሮቦትስ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የነበረ ነው። በይፋ መስፈርት ሆኖ የጸደቀው ግን በ2022 ነው። ሲፈጠርም ጉብኝትን ለመቆጣጠር እንጂ ገጽን ከመዝገብ ለማውጣት አልነበረም።


ጦሳ ሥር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስለ መቆየት አንድ ልጨምር። ሆስቲንግሽ፣ ማለት ሳይትሽ የተቀመጠበት ሰርቨር፣ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቋረጥ ጎግል ይታገሣል፤ ጉብኝቱን ቀነስ ያደርጋል እንጂ ገጽሽን ወዲያው አይጥልም። ከዚያ ሲያልፍ ግን አንድ በአንድ ይጥላል። የሮቦትስ ፋይሉ ራሱ የሰርቨር ስህተት ከመለሰ ደግሞ ሳይቱን መጎብኘት ለጊዜው ያቆማል። ስለዚህ ርካሽ ሆስቲንግ ስትመርጪ የሚቆራረጥ እንዳይሆን።

ቢንግ የሚባለው ሌላው መፈለጊያ ላይም ተመዝገቢ። ከሰርች ኮንሶል ቀጥታ መገልበጥ ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዳክዳክጎ የሚባለው መፈለጊያ ውጤቱን በብዛት የሚወስደው ከቢንግ ነው። ቢንግና የሩሲያው መፈለጊያ ያንዴክስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኢንዴክስናው የሚባል ነገር አላቸው፤ ገጽ ስትቀይሪ ወዲያው ትነግሪያቸዋለሽ። ጎግል እዚህ ውስጥ የለበትም።


የቦርከና ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ዶሜይኔ የሚያልቀው ታኅሣሥ ላይ ነው። አሁን አየሁት። የአጎቴን ልጅ አሁኑኑ አስከፍላታለሁ።

ነገ ከአባቴ ጋር ቁጭ ብለን የሐረጎን ጥያቄዎች ይዘን ለጎሚስታዎቹ እንደውላለን።


የቦርከና ልጅ | ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ተመለስኩ። ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው።

62ቱ ገጽ 14 ሆነዋል። 11ዱ ኢንዴክስ ተደርገዋል። 2ቱ «ክሮውልድ» ላይ ናቸው። 1ዱ ገና «ዲስከቨርድ» ላይ ነው፤ የሚሌው ነው፤ እሱ ላይ መረጃዬም ገና ስስ ነው። «ኮምቦልቻ ጎሚስታ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንደኛ ገጽ ላይ አለሁ፣ አምስተኛ ቦታ። በአማርኛ ፊደል ሦስተኛ።

አባቴ ስልክ ሲደውል ብታዩት። እኔ ስደውል «አዎ እንሠራለን» ብቻ ይሉኝ ነበር። እሱ ግን «ክሪክህ ስንት ቶን ያነሳል? ጄኔሬተርህ ናፍጣ አለው? ባለፈው ክረምት ግቢህ ጭቃ ነበር፤ ጠጠር አስደፋህ ወይ?» ይላል። እነሱም እንደ ባለሙያ ይመልሱለታል። ሦስቱ የድሮ ወዳጆቹ ሆነው ተገኙ። አንዱ «አለህ እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉንም ጻፍኩት። «ግቢው ጠጠር አለው፤ ተሳቢ ይዞ ይገባል፤ ለመዞር ግን ጠባብ ስለሆነ በኋላ ማርሽ መግባት ይሻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሌላ ሳይት ላይ አታገኙም። የአባቴ ነው።


አራዳ ሱቅ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ስለ አንድ ገጹ ተሸንፌያለሁ፤ በደስታ። እኔም የልብሶቼን ገጾች እየጨፈለቅኩ ነው።


ሐረጎ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡50

ማሻአላህ። ትናንት ከባቲ ስመለስ ከፍቼዋለሁ። በአንዴ ተከፈተልኝ።

የገርባው ሁለተኛው ጎሚስታ ግን ስልኩ ተቀይሯል። ያለው የድሮው ነው፤ ደውዬ አላነሳም። ቦታውንም ቀይሯል፤ አሁን ከመስጊዱ አለፍ ብሎ በስተግራ ነው። አዲሱን ስልክ በውስጥ ልኬልሻለሁ።


የቦርከና ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡58

ደርሶኛል። ራሱን ደውዬ አረጋግጬ ዛሬ ማታ እቀይረዋለሁ። ሌሊትም ይከፍታል እንዴ?


ሐረጎ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡02

እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነው። ከዚያ በኋላ በሩን አንኳኩ፤ እዚያው ነው የሚያድረው።